ብሎን ያጸዳው ካሴት

ሰፈሩ «ብሎን» ይለዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ኪሱ ብሎን አጥቶ ስለማያውቅ። ዛሬ መሐንዲስ ሆኗል። ቀን የሊፍት ሞተር ይፈትሻል፣ ከሥራ ሲወጣ ስለ ድምፅ ሞገድ ለሁለተኛ ዲግሪው ይማራል፣ እሁድ ደግሞ ሰው በጣለው ቴፕ ላይ ነፍስ ይዘራበታል። «አግባ እንጂ» ሲሉት «የት ላስቀምጣት? አልጋው ላይ እንኳ ቴፕ ነው» ይላል።

እናቱ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ድምፃቸው የቀረው በአንድ ካሴት ላይ ብቻ ነበር፤ ድሮ አባቱ ሩቅ አገር ሲሠሩ እናቱ በደብዳቤ ፈንታ ቀድተው የላኩላቸው ነው። አባትየው ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡት።

«አደራ ልጄ። ከመሞቴ በፊት አንዴ ልስማት።»

ካሴቱ አርጅቶ ኖሮ ወደ ኮምፒውተሩ እንደተገለበጠ ክሩ ብጥስጥስ አለ። ብሎን አልደነገጠም፤ ቅጂው በእጁ ነዋ! ከድምፁ ሥር ግን አንድ ሲር ሲር የሚል ነገር ነበር። የካሴት እርጅና መሰለው። ጆሮውን ትቶ ስክሪኑን እያየ፣ ክፍል ውስጥ እንደተማረው የሲር ሲሩን ቀጭን መስመር ከሥሯ ነቀላት። ኮምፒውተሩ «በቀድሞው ላይ ይቀመጥ?» ሲለው «አዎ»ን ተጫነ። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ይሉ የለ!

እሁድ ጠዋት አባቱን አስቀምጦ ከፈተላቸው። እናትየው ስለ ልጃቸው የመጀመሪያ ጥርስ ጥርት ባለ ድምፅ አወሩ። አባትየው ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ደረቷስ?»

«የምን ደረት አባዬ?»

«አስሟ ነዋ! ሲር ሲር የሚለው። አርባ ዓመት እሱን እየሰማሁ ነው የተኛሁት። ዝም ካለች ደንግጬ እነሳ ነበር።»

ብሎን ክው አለ። እሱም በዚያ ድምፅ ሥር ታቅፎ አድጓል፤ እንዴት አልለየውም?

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። «ቆሻሻ መስሎኝ።»

አባቱ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«እንግዲያው መልሰዋ» አሉት በሙሉ እምነት። «አንተ መቼ ልጠግን ብለህ ያቃተህ ነገር አለ?»

«ይሄ አይጠገንም አባዬ» አለና አለቀሰ።

አባቱ እንባውን በዚያ በካሴቱ መሐረብ ጠረጉለት። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ።

«ግድ የለም፣ ድገመው» አሉ። «ምናልባት ትንሽ ቀርቶ እንደሆነ።»