የሚስ ዶረቲ የዘር ሐረግ

ሀዲስ ወልደ ሰማዕት ድራፍቲንግ፣ ማለትም የሕንፃ ንድፍ ሥራ፣ ሊማር አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ የገባው በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ መጨረሻ ነው። ጭምት፣ ቶሎ የሚደነግጥ፣ ግን እጅ ጽሕፈቱ ታይቶ የማይጠገብ ልጅ ነበር። ክፍል ያከራዩት ሚስ ዶረቲ ሃርግሬቭ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ገና በገባበት ቀን «ሚስተር ወልደ ሰማዕት» ብለው ቢጠሩት፣ አባቱ ተከትለውት የመጡ ይመስል ዞር ብሎ በሩን አየ።

ሚስ ዶረቲ አላገቡም፣ አልወለዱም። ኩራታቸው አንድ ነው፤ አሜሪካ በእንግሊዝ እጅ ሳለች አንዱን ግዛት ይገዛ ከነበረው ከኤዝራ ሃርግሬቭ ዘር ይመዘዛሉ። እዚያው አቅራቢያ አላሜዳ ከተማ ያሉት ዘመዶቻቸው ግን ከቁም ነገር አይቆጥሯቸውም። አባታቸው ሳሙኤል የገዥ ዘር ሆኖ ሳለ፣ ዕድሜውን ሁሉ የሳን ፍራንሲስኮ ጀልባ ላይ ገመድ ሲጎትት ኖሮ ስለሞተ፣ ቤተ ዘመዱ ስሙን ለማንሳት ያፍር ነበር። ስለዚህ ሚስ ዶረቲ የዘር ሐረጋቸውን በትልቅ ወረቀት አስጽፈው፣ ዘመድ አዝማዱ በሚሰበሰብበት እሁድ ሊዘረጉት ቆረጡ። እኔም የዚህ ቤት ልጅ ነኝ ለማለት ሌላ ምን ነበራቸው?

ጽሕፈቱ ለሀዲስ ተሰጠ። ከትምህርት መልስ ጎንበስ ብሎ በጥቁር ቀለም ሲጽፍ ከረመ። ሃርግሬቭ፣ ሃርግሬቭ እያሉ መደጋገሙ ግን አንገሸገሸው። ደግሞስ ቤቱ ጆን በጆን ሆኖ ማን ከማን ይለያል? እናም እንደለመደው ሃርግሬቭን ትቶ ለእያንዳንዱ ልጅ የአባቱን ስም አስከተለለት፤ ጆን ኤዝራ፣ ቶማስ ጆን፣ ሳሙኤል ቶማስ። በሥራው ኮራና ቅዳሜ ዕለት ሳን ሆዜ ለምትማረው ጓደኛው ለሶፍያ ደውሎ አወራላት።

«ላስት ኔሙን ስኪፕ አደረግከው?» አለችው።

«ከገዥው በስተቀር የሁሉንም።»

«አንተ ልጅ፣ ሰዎቹን እኮ ከቤታቸው አስወጣሃቸው። አሁኑኑ ሂድና ለአሮጊቷ ኤክስፕሌን አድርግላቸው።»

ሀዲስ ስልኩን ዘጋ። ስብሰባው ነገ ነው። ወረቀቱን ይዞ አሮጊቷ ፊት ቀረበ።

«ሚስ ዶረቲ፣ አበላሽቼብዎታለሁ። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው ከአባቱ ጋር ነው የሚጠራው። እንደገና እጽፈዋለሁ።»

ሚስ ዶረቲ መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን ከገዥው ጀምረው ቁልቁል ወሰዱት። ያ የሚኮሩበት ስም የለም። ፊታቸው ጠቆረ። ሀዲስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ጣታቸው ታች፣ ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ዶረቲ ሳሙኤል» ብለው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። «አባቴ እጁ ገመድ ገመድ ይሸት ነበር። ከሞተ ወዲህ እሱንና እኔን አንድ ላይ የጠራን ሰው የለም።»

«ልቀይረው?»

«እንዳትነካው።»

በማግስቱ ሀዲስ ወረቀቱን ተሸክሞ አላሜዳ ድረስ ሸኛቸው። ዘመዶቻቸው ከበው አዩና አንደኛው የአጎታቸው ልጅ «ስማችን የታለ?» ብሎ ቆጣ አለ።

«እያንዳንዳችሁ ከአባታችሁ ጋር ናችሁ» አሉ ሚስ ዶረቲ። «እኔም ከአባቴ ጋር ነኝ። ሳሙኤል ይባላል፤ ጀልባ ላይ ነበር የሚሠራው።»

ወረቀቱን እንሰቅለዋለን ያለ ዘመድ አልነበረም። እሳቸው ግን ቅር ሳይላቸው ጠቅልለው ይዘው ተመለሱ፣ ከአልጋቸው በላይ ሰቀሉት። ከዚያ ቀን ወዲያ ሀዲስን ሚስተር ብለውት አያውቁም። ልጃቸው አደረጉት ብል አልዋሸሁም።

ሚስ ዶረቲ ያረፉት ሀዲስ ተመርቆ፣ ሪችመንድ ከተማ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። መቃብራቸውን ሊያይ አበባ ይዞ ሄደ። ድንጋዩን በሕይወት ሳሉ ራሳቸው አዘው ነበርና፣ የተቀረጸበት ዶረቲ ሳሙኤል የሚል ብቻ ነው። ሀዲስ ባርኔጣውን አውልቆ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራና አለቀሰ።