አባባና ታደሰ ዓባይ በረሃ የወረዱ ቅዳሜ

ኮልፌ፣ ሊነጋጋ ሲል

ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የታደሰ ላንድሮቨር ደጃችን ቆማ ታጓራለች። ታደሰ ልቤ የወደደው ሰው ነው፤ ሥራው የድንጋይ ጥናት። አባባ ግን ሽማግሌ እንዳይልክ አስጠንቅቀውታል። "ድንጋይ ለቃሚ ልጄን ምን ሊያበላት ነው?" ባይ ናቸው። "እስቲ ሥራውን በዓይንዎ ይዩት" ብዬ ስለምን ከርሜ፣ ይኸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ።

"አንቺን ብቻሽን ከሱ ጋር አልሰድም ብዬ ነው እንጂ!" አሉኝ። ይሁንላቸው!

ፍቼ፣ ረፋድ

ሜዳው ሁሉ ጤፍና አደይ፤ ጠጠሩ መንገድ ግን አንጀት ይበጠብጣል። አባባን መኪና ያዞራቸዋል፤ ከረጢት ሙሉ ሎሚ ይዘው እያሸተቱ ነው የሚሄዱት። ፍቼ ላይ ትኩስ ጥብስ በላን።

"ጋሼ፣ ይጨምሩ እንጂ" አለ ታደሰ።

"ጠግቤያለሁ።"

ጉድ እኮ ነው፤ ጥብስ እንኳ አላለዘባቸውም!

ዓባይ በረሃ፣ ቀትር

ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ጋቢ አስወለቀ። ገደሉ ግራጫና ነጣ ያለ ኖራ ድንጋይ ተደራርቦበታል። ታደሰ ቦርሳውን በረበረ፤ ድንጋይ የሚፈትንበትን አሲድ ረስቶታል። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ጋሼ፣ አንድ ሎሚ ይሰጡኛል?"

"ሎሚ? እኔው ፊት?" አባባ ዓይናቸው ፈጠጠ። በጥምቀት ጎረምሳ የወደዳትን ልጅ በሎሚ እንደሚመታ ማን ያጣዋል! እኔ በሳቅ ፍርስ አልኩ።

ምስኪን ታደሰ ላብ አጠመቀው። ድንጋዩን በቢላ ፍቆ ዱቄቱ ላይ ሎሚውን ጨመቀበት። እንደ አምቦ ውሃ ፈላ!

"ይሄ የሚወጣው የጥንት አየር ነው፣ ጋሼ። ዝናብ ከሰማይ ይዞት ወረደ፣ ወንዝ ባሕር አገባው፣ የባሕር እንስሳት ቅርፊታቸውን ሠሩበት፤ ቅርፊቱ ተከምሮ ድንጋይ ሆነ።" ድንጋዩ ውስጥ የቀረ ቅርፊት አሳያቸው። "ዛሬም ዝናቡ ያንኑ አየር ይዞ ድንጋዩን ያሟሟል። ዋሻ ውስጥ ሲንጠባጠብ ደግሞ መልሶ ድንጋይ ይደርባል። የየዘመኑ ጥጋቡም ድርቁም ከድርቡ ውፍረት ይታወቃል።"

"ድርቁም?" አባባ የጎጃም ገበሬ ልጅ ናቸው። ድንጋዩን ተቀብለው በመዳፋቸው አሹት።

ከዚያማ ማን ይያዛቸው! በየድንጋዩ እየዞሩ ሎሚያቸውን ጨመቁ። "ጃንሆይ ይሙቱ፣ ይሄም ፈላ! አስቴር፣ ነይ እዪ!" ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ!

ኮልፌ፣ ምሽት

ሎሚው ማለቁን ያወቅነው የበረሃውን ዳገት መውጣት ስንጀምር ነው። አባባን አስመለሳቸው። ታደሰ በየጠመዝማዛው እያቆመ፣ ግንባራቸውን ይዞ፣ አፋቸውን አጥቦ፣ የራሱን ካፖርት ደርቦላቸው አመጣቸው። እኔ ነፍሴ ተጨነቀች፤ በቃ፣ ከእንግዲህ ስሙንም አያስነሱኝም!

ደጃችን ስንደርስ ወርደው ቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ ሽማግሌዎችህ በአስኮ በኩል እንዳይመጡ።"

እኔ የመኪናውን በር እንደያዝኩ ቀረሁ።

"በዚያ በኩል ጭቃው ገና አልደረቀም" አሉ። "በጦር ኃይሎች ይምጡ። እሑድ ቤት ነኝ።"