የስልከኛዋ ፊርማ

ወይዘሮ ዘቢደር በአምቦ ስልከኛ በነበሩበት ዘመን፣ ገመድ እየነቀሉና እየሰኩ ሰውን ከሰው ያገናኙ ነበር። “ሄሎ ሸነን! ሄሎ!” ሲሉ ድምፃቸው ያለ ስልክም ሸነን ከተማ ይደርሳል እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ደዋዩን ሁሉ አስቀድመው “ማን ልበል?” ይሉታል። የወንጪው ፈረሰኛ ኦቦ ሙለታም ለገበያ አዲስ ዓለም በወረዱ ቁጥር እየደወሉ “ሙለታ ነው ይበሉልኝ” ይሏቸው ነበር። ኋላ ኋላ የሚገናኙት ሰው ሳይኖራቸው መደወል ጀመሩ፤ በዚያው ተጋቡ።

ያ ሁሉ አለፈ። ገመዱ ቀረ፤ ኦቦ ሙለታም አረፉ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ልጃቸው ሃዋኒ የአባቷን ዳማ ፈረስ በኮምፒውተር ሥላ ለእናቷ አበረከተች። ሥዕሉ የእርሳቸው ለመሆኑ ምስክሩ በስልካቸው ላይ የተከፈተው የክሪፕቶ ዋሌት፣ ማለትም የዲጂታል ንብረት ቦርሳ ነበር። ባለቤቱ ብቻ በሚገባበት ድረ ገጽ ውስጥ ዳማው ይጋልባል፤ ኦቦ ሙለታ በሕይወት ሳሉ ፈረሱን ሲጠሩ የተቀዳው ድምፅም ይሰማል። ለመግባት ግን ፊርማ ይጠየቃል፤ ፊርማው በብዕር ሳይሆን ዋሌቱ ላይ የሚመጣውን መልእክት በጣት ነክቶ መቀበል ነው።

“ፊርማ? ምኔን ልሸጥ ነው?” አሉ ወይዘሮ ዘቢደር ደንገጥ ብለው።

“ምንም አትሸጪም፣ ሀርሜ” አለች ሃዋኒ፣ እናቷን በአባቷ ቋንቋ እየጠራች። “ዋሌቱ የአንቺ መሆኑን ማሳያ ብቻ ነው። ‘ማን ልበል?’ ይልሻል፤ ‘ዘቢደር ነኝ’ ትይዋለሽ። በቃ!”

“ስሜን ከነገርኩት በኋላ ሌላ ነገር ቢጠይቀኝስ?”

“ዝጊበት! አድራሻው እኔ ያሳየሁሽ መሆኑን እዪ፤ መልእክቱንም እስከ መጨረሻው አንብቢ። የዋሌቱን የሚስጥር ቃላት ደግሞ ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን እንዳትነግሪ።”

“ላንቺማ! አፍሽ መች ይዘጋልና!”

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በቴሌግራም መልእክት ደርሷቸው አገኙ። “ለሥዕልዎ አዲስ ገጽ ተከፍቷል፤ እዚህ ይግቡ” ይላል። ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ከፈቱት። ዋሌቱ እንደ ወትሮው ፊርማ ጠየቀ። ጣታቸው ሊነካ ሲል፣ አንብቢ መባላቸው ትዝ አላቸውና በድሮ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛቸው ቃሉን አንድ በአንድ እየለዩ ያነቡት ጀመር። በዋሌቱ ያሉትን ሥዕሎች ሁሉ ለማዛወር እንዲፈቅዱ ነበር የሚጠይቃቸው።

“ሃዋኒ! ይሄ ሰውዬ ስሜን አልጠየቀኝም፤ ፈረሱን ነው የሚጠይቀኝ!”

ሃዋኒ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ስልኩን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። “ነካሽው እንዴ?”

“ልነካው ነበር።”

“እምቢ በዪው! ብትፈርሚ ሥዕሉ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ያንን ድምፅም ዳግመኛ አትሰሚውም።”

እምቢ የሚለውን ነኩ። የሚያውቁትን አድራሻ ራሳቸው ፊደል በፊደል ጻፉ። የለመዱት መልእክት መጣ፤ ለመግባት ብቻ መሆኑን ይናገራል። ደግመው አነበቡና ፈረሙ።

ዳማው ብቅ አለ። ኦቦ ሙለታ “ኮቱ! ኮቱ! ና!” እያሉ ይጠሩታል።

“ዳነልን” አለች ሃዋኒ፣ እንደ መሳቅም እንደ ማልቀስም እያለች።

“ዝም በይ አንቺ ደግሞ” አሉ ወይዘሮ ዘቢደር። “ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ።”