አባዬን ከካርቲየ ሰባት ያወጣሁት ቀን

አባዬ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር ውስጥ ክሊም ሲጠግን ነው ያረጀው። ክሊም የምንለው የቤት ማቀዝቀዣውን ነው፤ ያለሱ የጅቡቲን ሐምሌ እችላለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሞክራት! አባዬ የሚኮራባት አንዲት ብልሃት አለችው። ክሊሙ የሚያንጠባጥበውን ቀዝቃዛ ውሃ በቱቦ ወደ ውጭ አውጥቶ፣ የውጭው ግድግዳ ላይ ያለውን የክሊሙን ማሽን በሸፈነ ጆንያ ላይ ማንጠባጠብ። ማሽኑ ግሎ መቆሙን ተወ። ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

«እኔ ነኝ የጀመርኩት» ይላል አባዬ። ፊት ለፊታችን ያለው የመናዊ ጠጋኝም «እኔ ነኝ» ይላል። በዚሁ ተኮራርፈው ቀሩ። የበዓል ሰላምታ እንኳን የሚለዋወጡት በእኔ በኩል ነው።

እኔ ደግሞ፣ አይ ዕድል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የማጠናው አዲስ ብልሃት እንዴት እንደሚፈጠርና እንደሚዛመት ነው። ኮምፒውተር ላይ የውሸት ሰፈር እሠራለሁ። ነጥቦቹ ጠጋኞች ናቸው፤ ይሞክራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ከጎረቤት ይኮርጃሉ። ባለፈው ሰፈሩን ካርቲየ ሰባት አደረግኩት፤ አባዬንና የመናዊውንም ነጥብ አድርጌ አስገባኋቸው። አባዬ ይህን ሲሰማ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«በይ፣ ማን እንደጀመረ ኮምፒውተርሽ ይፍረድልን።»

ፍርዱን ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ዕድሜ ልኩን የኮራበትን ነገር በገዛ እጄ ልቀማው ነው።

«እስቲ እኔን አውጪኝ» አለ።

አወጣሁት። ብልሃቲቱ ከየመናዊው ቤት ተነሥታ ሰፈሩን ሞላች። ፊቱ ቅጭም አለ።

«እሱንስ?»

የመናዊውን አውጥቼ አባዬን መለስኩት። አሁን ከእኛ ቤት ተነሣች።

«ሁለታችንንም አውጪ።»

«አባዬ፣ ይቅርብህ።»

«አውጪ አልኩሽ!»

አወጣኋቸው። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ጠበቅን። ደግሞ ጠበቅን። ተስፋ ስንቆርጥ ዳር ላይ ካለች፣ ማንም ልብ ካላላት ነጥብ ብልሃቲቱ ብቅ አለች።

«ያለ እኛም ትመጣ ነበር ማለት ነው?»

«ትመጣ ነበር አባዬ። በጣም ትዘገይ ነበር እንጂ።»

ያዝናል ብዬ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

«እና እስከዚያ ሰዉ በሙቀት ይለቅ?» ብሎ ተቆጣ። «በይ መልሺን! ሁለታችንንም!»

መለስኳቸው። ብልሃቲቱ ሰፈሩን ወዲያው ሞላች። ከየትኛው ቤት እንደተነሣች አልጠየቀኝም፤ እኔም አላየሁም። ደስ ብሎት ተነሣና መስኮቱን ከፍቶ፣ እኔን ሳይልክ፣ ራሱ በአረብኛ ወደ ማዶ ተጣራ፦

«ወንድሜ! ና ልጃችን የሠራችውን እይ!»