ለቅሶ ቤት የመጣችው ነርስ

በደርግ ጊዜ ነው። ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር፣ ከቤቴ በታች ባለው ክሊኒክ ዋንጂሩ የምትባል ነርስ የደም ግፊቴን ትለካኝ ነበር። ቀጠሮዬ ሲደርስ ታዲያ ከአገር የአንዱ ወይም የሌላው መርዶ ይመጣል። ለቅሶ ትቼ ደግሞ ክሊኒክ አልሄድም። "ምዜ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይወድቃሉ!" እያለች ትቆጣኛለች፤ ምዜ በስዋሂሊ አባባ እንደ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ የጎረቤቴ የለተብርሃን ወንድም መርዶ መጣ። የእኔ ሳሎን ሰፋ ስለሚል ለቅሶው እኔ ቤት ሆነ። ቀጠሮዬም ቀረ። ውሃ ልቀዳ ጓዳ ገብቼ ሳለሁ ከሳሎን አዲስ ልቅሶ ሰማሁ። ብወጣ ዋንጂሩ በሩ ላይ ቆማ ትንሰቀሰቃለች። ለካ ከቀጠሮዬ ብቀርባት ጊዜ ልትፈልገኝ መጥታ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ቤቱን ሞልቶት ስታይ የሞትኩት እኔ መስሏታል።

"ልጄ፣ አለሁ እኮ" አልኳት በስዋሂሊ።

ትክ ብላ አየችኝ። እንባዋን ጠረገችና፣ "ይቀመጡ!" ብላ መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ክንዴን ስትጠቀልለው ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል።

"ከፍ ብሏል። ነገ ይመጣሉ፤ ማንም ቢሞት!"

"እሺ" አልኩ።

ተነስታ ልትሄድ ስትል ለተብርሃን ነጠላዋን ገፋ አድርጋ እጅጌዋን ሰበሰበች።

"የእኔም ቀጠሮ ዛሬ ነበር" አለች።

ቀና ብል፣ በግድግዳው ዙሪያ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ እጅጌውን እየሰበሰበ ነው።