ዳንቴል የለበሰው ሬዲዮ

«ዳንቴሉ ነው የገደለው! ስንቴ ልንገርሽ እማዬ? ስንቴ?»

«አቧራ እንዳይበላው ብዬ ሸፈንኩት እንጂ ምን አደረግኩት? እኔ በዚህ ሐሩር ነጠላዬን አውልቄ አውቃለሁ? ሞትኩ?»

«አንቺ ሆድሽ ውስጥ የሚግል አምፖል የለም!»

ታናሽ ወንድሜ በግራ እጁ ዳንቴሉን ጨብጦ በቀኙ የሬዲዮውን የጀርባ ክዳን ይፈታል። ከውስጡ የቀለጠ ሰም ሽታ ይወጣል። ሬዲዮው አሁን ገና፣ አንድ የአረብኛ ዘፈን እየተጫወተ ሳለ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጎርነን አለና ፀጥ ብሎ ቀረ። አባባ ከነወንበራቸው ተጠግተው መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አኑረዋል።

«ገና ትኩስ ነው» አሉ፣ ሬሳ እንደሚዳብስ ሰው።

«እርጅና ነው» አልኩ ከበሩ አጠገብ። «ጣልያን ሳይወጣ የነበረ ዕቃ ነው። እስከዛሬ መናገሩም ይገርማል።»

«አንተ ዝም በል አቦ! ደስ እንዳለህ ፊትህ ላይ ይታያል፣ ገጣሚው!» አለ ወንድሜ።

ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ቶሎ ይታወቅብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሬዲዮው አባባ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ የግሪኩ አለቃቸው ንብረት ነበር። ሰውዬው አገሩ ሲገባ ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ትንሽ ካወራ በኋላ ድምፁ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ አልጋ ሥር ነው የኖረው፤ እማዬም ሽንኩርት ታስቀምጥበት ነበር። ወንድሜ የባቡሩ ጥገና ክፍል ገብቶ የኤሌክትሪክ ሥራ ሲማር ጎትቶ አወጣው። ሰው ሁሉ «በእጅ የሚያዝ ትራንዚስተር እያለ ምን አደከመህ?» ይለዋል። «ትራንዚስተር ያፏጫል እንጂ አይናገርም» ብሎ ይመልሳል።

ምሳ ተበልቶ ከተማው በሙቀት ተዘርሮ ሲተኛ እሱ አይተኛም። ሽርጡን ታጥቆ ሬዲዮው ላይ ይጎነበሳል። በሰም የታሸጉትን የደረቁ ኮንደንሰሮች አውጥቶ በአዲስ ተካ። ቀፊራ ገበያ ድረስ ወርዶ የብረት ቁርጥራጭ ከሚሸጡት ዘንድ ከሞቱ ሬዲዮዎች የተነቀሉ አምፖሎች ለቅሞ መጣ። የከተማው መብራት ለአሮጌው ዕቃ ስለሚበረታበት ኃይሉን የሚቀንስለት ትራንስፎርመር ጠመጠመለት። ጣሪያው ላይ ሽቦ ዘረጋ። እኔም በዚያው ክፍል ማዶ ጥግ ተቀምጬ ቤት የሚመታልኝ ቃል እፈልጋለሁ። እማዬ ሻይ ስታመጣ መጀመሪያ የምትሰጠው ለእሱ ነው፤ እሱ ይሠራላ፣ እኔ ተቀምጫለሁ!

እሑድ እሑድ ግን የእኔ ነበር። የአባባ ዓይን ከደከመ ወዲህ ከቀትር እንቅልፋቸው ሲነሱ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ፤ ጋዜጣው ሲያልቅ የራሴን ግጥም አስከትላለሁ። ስንኙ ከጣማቸው ሌባ ጣታቸውን ቀስ አድርገው ያነሳሉ፤ «ድገማት» ማለታቸው ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ትምህርቴም አጭር ነው። ሳምንቱን ሙሉ የማስበው ስለዚያች ጣት ነበር።

ሬዲዮው የተናገረ ቀን አምፖሎቹ እስኪሞቁ ሁላችንም ከብበነው ጠበቅን። ከዚያ ፊቱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት እንደ ድመት ዓይን ተከፈተች።

«አየኋት!» አሉ አባባ።

እኔን የሚለዩኝ በድምፄ ነው። ፊቴን ካዩት ቆይተዋል። እሷን ግን አዩ።

ከዚያ በኋላ ጣታቸው አልተነሳችም። ጂቡቲ ይናገራል፣ ካይሮ ይዘፍናል፣ አዲስ አበባ ዜና ያነባል፤ እኔም ወረቀቴን ኪሴ ውስጥ እያሸሁ እቀመጣለሁ። እማዬ ደግሞ ዳንቴል ሠራችለት። በከተማችን ያልተሸፈነ ዕቃ የለም፤ በጋ ደርቆ ክረምት በጎርፍ ከሚሞላው ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሳው ነፋስ ማሰሮ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ይህን ዳንቴል ግን ሁለት ወፍ ፊት ለፊት አድርጋ፣ ጫፉን ዘርፍ አውጥታ፣ እስከ ጀርባው ድረስ አለበሰችው። የሙቀት መውጫ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፈነቻቸው። ወንድሜ ይገፈዋል፣ እሷ ታለብሰዋለች። ለእኔ የትራስ ልብስ እንኳ ሠርታልኝ አታውቅም።

እናም ያን እሑድ ሬዲዮው ዝም ሲል ኪሴ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ የደከምኩበት የደቻቱ ግጥም ነበር።

«አባባ፣ እስኪጠግነው ላንብብልዎት?»

«አንብብ እስቲ» አሉ። ፊታቸውን ግን ከሬዲዮው አላዞሩም።

«ለዜናው ይደርሳል አባባ» አለ ወንድሜ ቶሎ ብሎ። «የተበላሸው አንድ ኮንደንሰር ነው። እሱን ቀይሬ ማሞቅ ብቻ ነው።»

ማንበብ ጀመርኩ። እሱ መበየድ ጀመረ። ጉጠቱን ሳህኑ ላይ ሲጥል ሆን ብሎ ያንኳኳ መሰለኝና ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እሱም ሬዲዮውን ወደ አባባ ጉልበት አስጠጋው፣ የብየዳው ሽታ እንዲደርሳቸው። እማዬ ዳንቴሏን መልሳ ወስዳ አጣጥፋ ደረቷ ላይ ይዛ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። የምወዳት ቦታ ላይ ደረስኩ፦

«ደቻቱ አሸዋ ነው፣ በጋውን ተኝቶ፣
ሰው ጎጆ ሲቀልስ የሚመጣ ሰምቶ።»

የአባባ ጣት ተነሳች።

ወንድሜን አየሁት። የብየዳው ብረት አየር ላይ ቆሟል፤ ከንፈሩን ነክሷል። እኔ ስንት እሑድ ችላ ተብዬ የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ እሱም ተቀምጦ አየሁት፣ አንጀቴም ራሰ። ስንኟን ደገምኳት፣ ከበፊቱ ጮክ አድርጌ።

«ዝም በል!» አሉ አባባ፣ ጣታቸው እንደተነሳች። «ስሙ እስቲ።»

ከመንገዱ ማዶ የሱማሌው ባለሱቅ ትራንዚስተር ያፏጫል። ዜናው ሊጀምር ነው።

«አባባ! ና!» ብሎ ተጣራ ባለሱቁ። አማርኛው ትልቅና ትንሽ አይለይም። «ቦታ አለ፣ ወላሂ! ዜና ጀመረ!»

«መጣሁ!» አሉና ከዘራቸውን በእጃቸው ፈለጉ።

«አባባ ትንሽ ይታገሱኝ» አለ ወንድሜ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ። «በይጄዋለሁ እኮ፣ መሞቅ ብቻ ነው የቀረው!»

«እስኪሞቅ እመለሳለሁ።»

«ግጥሙስ?» አልኩ።

«እሱም ይቆይ።»

ግድግዳውን እየዳበሱ በፊቴ አለፉ። እኔ ወረቀቴን፣ እሱ ብረቱን እንደያዝን ቀረን። የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ሽርጣቸውን አውለበለበው፤ ቆም ብለው ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ።

«ሬዲዮው አቧራ እንዳይገባበት» አሉና በሩን ከውጭ ጥብቅ አድርገው ዘጉት።