ቀን የምትተኛዋ ተከራይ

ትናንት ሰርገኞች መኪናቸውን ደርድረው፣ ክላክሳቸውን እያንባረቁ በመስኮቴ ሥር አለፉ። ቤተሰቡ ሁሉ ሊያይ ሲሮጥ እኔ ብቻዬን ሳቅ ያዘኝ። ምን ያስቅሻል እንዳትዪኝ። ክላክስ በሰማሁ ቁጥር ጅጅጋ እሄዳለሁ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ።

እዚያ የወረድኩት ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ጀማሪ ነርስ ሆኜ ነው። የተመደብኩት ማዋለጃ ክፍል ሲሆን ተራዬ የሌሊት ነበር። ሥራውን ገና ሳየው ወደድኩት፤ ያቃተኝ ቀን መተኛቱ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል የቆርቆሮው ጣሪያ መንጣጣት ይጀምራል፤ ንፋሱ አቧራውን በበሩ ሥር ይልከዋል፤ ከሻይ ቤቱ የሄል ሽታ ከናፍጣ ጢስ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ደግሞ ጎረቤት አለ። በዚያ ግቢ ቀን የሚተኛ ሰው ወይ ሰነፍ ነው ወይ በሽተኛ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ስንፍናውን አነሱልኝ፣ በሽታው ቀረልኝ። አንዷ አጥሚት ይዛ ትገባለች፤ ሌላዋ "እግዜር ይማርሽ፣ ምንሽን ነው?" እያለች ግንባሬን ትዳብሳለች። አንድ ቀን የጡረተኛው ወታደር ሚስት በተኛሁበት ጠበል ረጨችኝና ደንግጬ ብድግ አልኩ። "ተመስገን፣ ነቃች" አለች። ምን ትያታለሽ?

ከሁሉ የባሰው ግን የጫት መኪናው ነበር። ቀትር ላይ ከአወዳይ እየከነፈ ይመጣና ክላክሱን ከሩቅ ይለቀዋል፤ ከተማው በሙሉ የሚጠብቀው ያንን ድምፅ ነው። የሚቆመው ደግሞ እኛ በር ላይ ነው፣ አከራዬ ጫት ነጋዴ ነበረቻ። ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና ሶማሌ ነበረች፤ አላህ በጀነት ያኑራት። ኤዶ እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት ነው። መጀመሪያ አንቱ ስላት "እኔ ስንት ሰው ነኝ?" ብላ ሳቀችብኝና ተውኩት። ክላክሱ ሲጮህ ደንበኛ በሯን ያጥለቀልቀዋል፤ እንጀራዋ በዚያ ጩኸት ነበር።

እኔ ግን ከሳሁ፣ እጄም ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሥራ ባልደረቦቼ ጫት ቃሚ ብለው መከሩኝ። ሞከርኩት፤ ሌሊቱን አነቃኝ፣ ቀኑንም ጨመረልኝ። አንድ ንጋት የወላድ እጅ ይዤ እንደቆምኩ አሸለብኩ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አዩኝ። ሳይቆጡ፣ "ልጄ፣ እዚህ የሁለት ሰው ነፍስ ነው የተሰጠሽ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከልሽ ካርድ ክፍል አዛውርሻለሁ" አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ማዋለድ ነበር። ተነጥቄ ካርድ ስደረድር ታየኝና እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ኤዶ ሳለቅስ አገኘችኝ፤ ሁሉን ነገርኳት። "ጫቱን ተይው" አለችኝ፣ ራሷ ጫት ሻጯ። በማግስቱ የክፍሌ በር ላይ ወፍራም ምንጣፍ ተሰቀለ፣ መስኮቴ በብርድ ልብስ ተሸፈነ። ሊጠይቀኝ የመጣውን ሁሉ "አልታመመችም፤ ሴቶቻችንን ስትጠብቅ አድራ ነው" እያለች ከደጅ መለሰችው። የወታደሩ ሚስት እንኳ ጠበሏን ይዛ ሄደች። እኔም ሲስተር ስለ ቀን እንቅልፍ የመከሩኝን ያዝኩ፤ ከነጋ ሻይ የለም፣ ትንሽ ሾርባ ቀምሼ፣ ተጣጥቤ፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት አልጋዬ ላይ። ክላክሱም ጠፋ። መኪናው መንገድ የቀየረ መሰለኝ፣ እሰየው አልኩ። ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

እጄ ጸና። ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ጎህ ሲቀድ፣ መንታ መጣብኝ፤ ሁለተኛው በእግሩ ነበር። ሲስተር ከኋላዬ ቆመው አዩ እንጂ እጃቸውን አላስገቡም። ሁለቱም ሲያለቅሱ "በቃ፣ የትም አትሄጂም" አሉኝ። በዚያች ከተማ ከእኔ በላይ ኩሩ ሰው አልነበረም። ዛሬም ሳወራው አንገቴ ቀና ይላል።

ያን ዕለት ደስታው አላስተኛኝ አለ። ቀትር ላይ ለኤዶ ልነግራት ብወጣ በሯ ላይ የለችም፤ ጠረጴዛዋም የለም። እየጠየቅኩ ወረድኩ። ከመስጊዱ ወዲያ፣ ጥላ በሌለበት የመንገድ ጫፍ ተቀምጣ አገኘኋት። የጫት መኪናው እዚያ ቆሟል። ሌሎቹ ሻጮች ለምለሙን ቀድመው አንስተውት እሷ ጋ የጠወለገው ነበር። ከድሮ ደንበኞቿ አንድም አላየሁም።

"ኤዶ፣ ለእኔ ብለሽ ነው?"

"ደንበኛ ይመለሳል፣ አባዮ" አለች። እህቴ ማለቷ ነው። ጫቱን በእርጥብ ጨርቅ ስትሸፍን ቆየች። "የእኔ ልጅ ስትወልድ አጠገቧ የነቃ ሰው አልነበረም።"

ልጅ እንደነበረቻት አላውቅም ነበር። አቧራው ላይ አጠገቧ ቁጭ ብዬ መንታ እንደነበሩ፣ ሁለቱም እንዳለቀሱ፣ እናታቸውም ደህና እንደሆነች ነገርኳት። ፊቷን በሻሿ ጠረገችና ትከሻዬን ገፋ አደረገችኝ።

"በይ፣ ሂጂ ተኚ" አለችኝ። "ማታ የሚወልዱ አሉ።"